ሞተር ሳይክልን በቤት ለመጠገን የትኛው ክሪክ ወይም ማንሻ ይሻላል? (ጅማ)

የመንደራው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቦክሰር 150 እና ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 የሚነሱበት ነገር መግዛት ወይ ማሠራት ፈልጌ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ካቴና (ሰንሰለት) ማጠብና ማወጠር፣ ጎማ አውጥቶ ካላማዳሪ (የጎማው ውስጥ ላስቲክ) መለወጥ፣ የፍሬን ሸራ፣ አልፎ አልፎ የመሪ ኩሽኔታ (መሪው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ማየት። ያለው ቦታ 1.60 ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ በረንዳ ነው። ከበረንዳው ሲወረድ ግቢው ቀይ አፈር ስለሆነ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሱቅ ሲጠየቅ መቀስ ክሪክም (በክር እንደ መቀስ የሚከፈተው)፣ ጠርሙስ ክሪክም (እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆመው)፣ ባለ ሃይድሮሊክ የሞተር ማንሻም ያሳያሉ፤ ሁሉም የሚያወሩት ስንት ቶን እንደሚያነሳ ብቻ ነው። የቱ ይያዝ?

ካቴና_428፦
ቶኑን እርሳው ወንድሜ። ሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ ሞልተው 150 ኪሎ አይደርሱም። ባለ 2 ቶን ክሪክ ከግማሽ ቶኑ የሚሻልበት ምንም ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ቶኑ ሲጨምር ክሪኩ ራሱ ይረዝምና ከሞተሩ ሥር አልገባ ይላል።

ሱቅ ከመሄድህ በፊት ሜትር ይዘህ እነዚህን ለካ። መጀመሪያ ሞተሩ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ ከኢንጂኑ ሆድ እስከ መሬት ስንት ሴንቲ ነው? ቦክሰርና መሰሎቹ (ፑልሳር፣ አፓቼ) ከ16 እስከ 18 ሴ.ሜ አካባቢ ናቸው፤ ኤክስቲዜድ በጣም ከፍ ይላል። ቀጥሎ ተንበርክከህ ሆዱን እይ፦ ሁለት የሻንሲ (የሞተሩ አጽም) ቱቦ ከሥር ያልፋል? ወይስ ኮፓው (የኢንጂን ዘይት መያዣው) ራቁቱን ነው? የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦ በየት በኩል ይዞራል? የዘይት ማፍሰሻ ብሎኑ ምን ያህል ወጣ ብሏል? ክሪክ ማርሚታ ላይም ብሎኑ ላይም አያርፍም።

መቀስ ክሪክ ሲታጠፍ ከ9 እስከ 10 ሴ.ሜ ስለሚሆን ከቦክሰር ሥር ከነጣውላው ይገባል። ጠርሙስ ክሪክ ግን ትንሹ እንኳ ወርዶ ከ15 ሴ.ሜ ያልፋል። 3 ሴ.ሜ ጣውላ ስትጨምርበት ቦክሰር ሥር አይገባም። ቢገባም ጭንቅላቱ ትንሽ ክብ ስለሆነ ክብደቱን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይጥለዋል። ኮፓ አሉሚኒየም ነው፤ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ኮፓ ደግሞ ዘይት እያንጠባጠበ ኢንጂን ይገድላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ከዝርዝርህ አውጣው።

አሁን የሚገርምህን ልንገርህ፤ ለቦክሰሩ የኋላ ጎማ ምንም መግዛት የለብህም። የመሀል ስታንድ አለው። በመሀል ስታንድ ሲቆም የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ ካቴና፣ የኋላ ሸራ፣ የኋላ ካላማዳሪ ሁሉም በዚያ ያልቃል። የሚጎድልህ ለፊት ጎማ ብቻ ነው። ለእሱም በመሀል ስታንድ አቁመህ ትንሽ መቀስ ክሪክ ከኢንጂኑ የፊት ጫፍ ሥር አስገብተህ የፊት ጎማው 3 ሴ.ሜ እስኪለቅ ማንሳት ነው። እዚህ ላይ ክሪኩ የሚሸከመው ሙሉ ክብደቱን አይደለም፤ ሞተሩን በስታንዱ ላይ ወደ ኋላ ማዘንበል ብቻ ነው።

የፈረንጅ_አራዳ፦
ከቪትዝ መኪና የወጣ መቀስ ክሪክ አለ። እሱ ይሆናል ወይስ የሞተሩ ለብቻው መገዛት አለበት?

ካቴና_428፦
ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደለም። የመኪናው ክሪክ ጭንቅላት በመኪናው ጎን ያለውን የብረት ጠርዝ እንዲይዝ መሀሉ የተሰነጠቀ ጠባብ ነገር ነው። ሞተር ሲቀመጥበት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይወዛወዛል። ለሞተር ተብሎ የሚሠራው ሰፊ ዝርግ ጠረጴዛ ከላዩ አለው፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው።

15 ሴ.ሜ በ20 ሴ.ሜ የሆነ የ5 ሚሊ ላሜራ አስቆርጠህ ከሥሩ ስንጥቁ ውስጥ ልክ የሚገባ ዝርግ ብረት አስበይድበት፤ ከላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በሁለት ጠፍጣፋ ራስ ብሎን እሰርበት። የብሎኑ ራስ በጎማው ውስጥ መስጠም አለበት፤ ካልሰጠመ ኮፓ ይቧጥጣል። የክሪኩ መቀመጫም ጠባብ ስለሆነ ከሥሩ ቢያንስ 30 በ40 ሴ.ሜ የሆነ ጣውላ አድርግ።

አንድ ጠባይ ግን አለው። መቀስ ክሪክ ታጥፎ ሲጀምር በጣም ይከብዳል፤ እየተነሳ ሲሄድ ይቀላል። መጀመሪያ ላይ ስትታገል ሞተሩን እንዳትገፋው ክሪኩ ሲጀምር ቢያንስ 12 ሴ.ሜ ተከፍቶ እንዲሆን ከሥሩ ያለውን ጣውላ እየቀነስህ አስተካክል። ክሩን ደግሞ ግራሶ ቀባው። ደረቅ ክር ነው የሚያስለፋው።

ብየዳ_አጂፕ፦
ለኤክስቲዜዱ የኋላ ማንሻ (እጀታው ወደ ታች ሲጫን የኋላ ጎማውን የሚያነሳ የብረት ማቆሚያ) አሠሩ። ግዢ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው፦ ባለ 30 በ30 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ። 1.5 ሚሊውን ሻጩ «ይበቃል» ይላችኋል፤ አይበቃም፤ ብየዳው ሥር ይታጠፋል። አንድ ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው፤ ለአንድ ማንሻ 3.40 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የተረፈው የፊቱን ይሠራል።

አቆራረጡ፦ (በሴ.ሜ) ሁለት የጎን ዘንግ እያንዳንዱ 75፤ ሁለት ቋሚ እያንዳንዱ 30 አካባቢ (በሞተራችሁ ይለካል)፤ ሁለት አግድም እያንዳንዱ 40፤ ሁለት ሰያፍ ድጋፍ እያንዳንዱ 25። ሰያፉን ያለ እሱ ይቆማል ብላችሁ እንዳታስቀሩት። ቋሚው ከጎን ዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው የሚሰበረው።

ቋሚው ላይ የሞተሩን የኋላ ክንድ (የኋላ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን) የሚቀበሉ ሁለት ኤል ቅርጽ መቀበያዎች ይኖራሉ፤ ከአንግል 40 በ40 ውፍረት 4 ሚሊ፣ ርዝመት 6 ሴ.ሜ። ውስጡ ጎማ ይለጠፋል። እንዲሰፋና እንዲጠብ በ12 ሚሊ ባለ ክር ዘንግ ላይ በሁለት ዳዶ (የብሎን ማጥበቂያ) ይታሠር። የቦክሰርና የኤክስቲዜድ ክንድ ስፋት እኩል አይደለም፤ ቋሚ አድርጋችሁ ካስበየዳችሁት ለአንዱ ብቻ ነው የሚሆነው።

ኤሌክትሮድ 6013፣ 2.5 ሚሊ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንቲ ራስት። በዚህ ከተማ እርጥበት ያልተቀባ ብየዳ ክረምቱን ሳይጨርስ ይዝጋል።

ሒርማታ_ማዶ፦
ብየዳ አጂፕ፣ አግድሙ ከመቀበያው ስንት ይራቅ? ደግሞስ ተሽከርካሪዎቹ የት ይቀመጣሉ? ብዙ ሰው የሚያሠራው ማንሻ ሞተሩን ካነሳ በኋላ ወደ ፊት ተመልሶ ይጥለዋል።

ብየዳ_አጂፕ፦
ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ፣ ዋናው እሱ ነው። የመጀመሪያው አግድም ከመቀበያው ቢያንስ 45 ሴ.ሜ። የኤክስቲዜድ የኋላ ጎማ 18 ኢንች ነው፤ ከፐርኖው (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) መሀል እስከ ጎማው ዳር ከ30 ሴ.ሜ ያልፋል። እጀታው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አግድሙ ከጎማው ጋር እንዳይጋጭ ነው ርቀቱ።

ተሽከርካሪው ከመቀበያው ሥር አካባቢ ነው የሚሆነው። ማንሻው የሚሽከረከረው በእሱ ላይ ነው። እጀታው መሬት ነክቶ ሲያርፍ የመቀበያው መሀል ከተሽከርካሪው መሀል ከ3 እስከ 4 ሴ.ሜ ወደ እጀታው በኩል አልፎ መገኘት አለበት። ያኔ የሞተሩ ክብደት እጀታውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ራሱን ይቆልፋል። ካላለፈ ወይም ልክ በላዩ ከቆመ ትንሽ ሲነካ ወደ ፊት ይመለሳል። አንቺ ያልሽው መውደቅ ከዚያ ነው። ከ5 ሴ.ሜ በላይ ካለፈ ደግሞ ሲወርድ እጀታውን ማንሳት ያስቸግራል።

ለተሽከርካሪ ባለ 40 ሚሊ ያገለገለ ኩሽኔታ (6203) ለለሰለሰ ሲሚንቶ ይበቃል። ሻካራ ከሆነ 75 ሚሊ ጎማ አድርጉበት፤ ትንሹ ጠጠር ላይ ይቆምና ሞተሩ ማንሻውን ትቶ ይንሸራተታል።

ካቴና_428፦
ኃይሉን በተመለከተ፦ የኋላ ጎማው የሚሸከመው 65 ኪሎ ቢሆን፣ ክንዱ ሲነሳ ከተሽከርካሪው 15 ሴ.ሜ ወደ ፊት ቢሆን፣ እጀታው ደግሞ 75 ሴ.ሜ ቢርቅ፣ 65 ሲባዛ በ15 ሲካፈል ለ75፤ 13 ኪሎ። አንድ እጅ ይበቃዋል። እጀታውን 50 ካደረጋችሁት 19.5 ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱን እጅ ስለሚፈልግ ሞተሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

የኋላ ጎማው ስንት እንደሚሸከም ለማወቅ ቡና የሚመዘንበት የመጋዘን ሚዛን ላይ የኋላውን ጎማ ብቻ አሳርፉ፤ የፊቱ ጎማ በእኩል ከፍታ ጣውላ ላይ ይሁን። ቁጥሩን ያነባችሁት ያኔ ነው። ጅማ ላይ ሚዛን የሚቸግረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለብየዳ አጂፕ የምጨምረው ነገር፣ ሁለቱም ሞተሮች የኋላ ፍሬናቸው ባለ ሸራ ነው። በቀኝ በኩል ፍሬኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዝ ዘንግና የፍሬኑ መሳቢያ ከክንዱ ሥር ያልፋሉ። መቀበያው ዘንጉን ከተጫነ ወይ ያጣምመዋል ወይ ፍሬኑን ይይዘዋል፤ ጎማው አልዞር ሲል «ኩሽኔታው ሞቷል» ይባላል። መቀበያውን ከፐርኖው ወደ ፊት አምጡና ክንዱ ራቁቱን የሆነበት ቦታ ላይ አሳርፉት።

ሰቃ_መንገድ፦
እኛ ጋ ያሉት ያማሃ ኤጂ 200 እና ዲቲ 125 ናቸው። ኤጂ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው። የኋላ ማንሻ የግራው መቀበያ ሽፋኑን ይጨፈልቃል። የጎን ስታንድ በሁለቱም በኩል አለው፤ ግን ሁለቱን ባንዴ ዘርግቶ ማቆም ጎማውን ከመሬት አያነሳውም። ለእንደዚህ ዓይነት ረጅም ሞተር ከሆዱ ሥር የሚገባ ሣጥን ይሻላል። እንጨት ቤት ሄዶ ማሠራት ነው።

ከፍታውን እንዲሁ በግምት አታድርጉት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማንሻው የኋላውን ክንድ ሲያነሳ ጎማው ክንዱ ላይ ስለታሠረ 3 ሴ.ሜ ብታነሱ ጎማው 3 ሴ.ሜ ይነሳል። ከሆዱ ስታነሱ ግን መጀመሪያ ሾኩ ነው የሚዘረጋው። ሆዱ እየተነሳ ጎማው መሬት ላይ ይቀራል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ በሆዱና በመሬቱ መካከል ያለውን ለኩ። ከዚያ አንድ ሰው የኋላ መያዣውን ወደ ላይ ይሳብና ጎማው መሬት ሊለቅ ሲል ሞተሩ ስንት ሴ.ሜ እንደተነሳ ለኩ። ሁለቱን ደምሩና 3 ጨምሩበት። የሣጥኑ ቁመት እሱ ነው። ለምሳሌ 26 እና 5 ካገኛችሁ 34።

መጠኑ፦ ከላይ 25 በ35 ሴ.ሜ፣ ከሥር 40 በ45፤ ከሥር መስፋት አለበት። እግሮቹ ከሞራሌ (አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) 5 በ7፣ ከላይና ከሥር መወጠሪያ፣ በአራቱም ጎን ሰያፍ። በምስማር አይሁን፤ ምስማር በወዝዋዜ ይላላል፤ በ8 ሚሊ ብሎንና በሮንዴላ። ዋንዛ ከተገኘ ዋንዛ ይሁን። ባህር ዛፍም ይሆናል ግን የደረቀ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ሣጥኑ ሦስት እግር ላይ ብቻ ይቆማል።

የፈረንጅ_አራዳ፦
በርጩማ ላይስ ቢቀመጥ? 😄 የጅማ ባለ ሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ ጥንካሬው ይበቃል።

ሰቃ_መንገድ፦
ጥንካሬው አይደለም ችግሩ። ሦስት እግር ባልተስተካከለ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ ለቡና ሰዓት ያ ጥሩ ነው። ክብደቱ ከሦስቱ እግር መስመር ውጪ ትንሽ ከወጣ ግን ወዲያው ይገለበጣል። የኋላ ጎማ ሲወጣ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከባዱ ነገር ኢንጂንና መሪው ነው። አራት እግር፣ ሰፊ መቀመጫ።

ውሃ_ልክ፦
ማንሻ ላይ ብዙ ተባለ፤ ወለሉን ግን ማንም አልነካውም። እኔ ከወለሉ ነው የምጀምረው። ቀይ አፈር ላይ በበጋ ድንጋይ የመሰለው ቦታ ሐምሌ ላይ የጎን ስታንዱን ይውጠዋል። በክሪክ ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው፤ አንዱ ጎን ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ሞተሩ በዝግታ ያዘነብላል፤ ሰው ሥራው ላይ ስለሆነ አያየውም።

በረንዳው 1.60 ስፋት ካለው ሞተሩ 2 ሜትር ስለሆነ በርዝመቱ ይሂድ። ሞተሩን ከግድግዳው በአንድ በኩል 50 ሴ.ሜ አርቁት፤ ሌላውን ጎን ለሥራ ተዉት። በረንዳ ላይ ትልቁ ችግር ቁልቁለቱ ነው። ዝናብ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ግቢው ያጋደለ ነው የሚሠራው። ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ ወደ ጎን በሜትር ከ1 ሴ.ሜ በላይ ካዘነበለ ከማንሻው በዝቅተኛው በኩል ጣውላ ያስፈልጋል። ማዘንበል በሞተሩ ርዝመት ከሆነ ያን ያህል አይጎዳም፤ ወደ ጎን ከሆነ ግን አደጋ ነው።

ግቢ ላይ መሥራት ለሚፈልግ፦ 2.5 ሜትር በ1.20 የሆነ ንጣፍ፣ 10 ሴ.ሜ ውፍረት፣ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ድንጋይ። 0.3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። 1 ለ 2 ለ 3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ሲቦካ በ50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ከረጢት ተኩል ያዙ። ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት፤ በሁለተኛው ቀን ሞተር እንዳታቆሙበት። ያ ካልተቻለ ለጊዜው 4 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ ሁለቱን አጠጋግታችሁ ከሥሩ በሦስት አግድም ሞራሌ እሰሩት። አፈሩ ላይ ጆንያ ዘርግታችሁ እላዩ አድርጉት፤ ጭቃው ጣውላውን አይስበውም።

የመንደራው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ ሃይድሮሊክ የሞተር ማንሻውስ? ሱቁ 680 ኪሎ ያነሳል ይላል፤ በእግር ይረገጣል፤ ምቹ ይመስላል። በዚያው ሁለቱም ሞተር አይነሳም?

ካቴና_428፦
የተሠራለት ሞተር ሌላ ነው። ሁለት አግድም ክንዶች አሉት። እነዚህ የሚያርፉት ሆዱ ሥር ሁለት ዝርግ የሻንሲ ቱቦ ባላቸው ከባድ ሞተሮች ላይ ነው። ያንተ ሞተሮች ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው፤ ሆዳቸው ክብ ነው፤ ማርሚታውም በአንዱ ጎን ይጠመዘዛል። ክንዶቹ ላይ ሞተሩ ይንሸራተታል። ግድ ከሆነ ከላዩ መሀሉ የሰረጎደ ጣውላ ማስተካከል ያስፈልጋል። እዚያ ከደረስክ ደግሞ መቀስ ክሪኩ በረከሰ ዋጋ ያንኑ ይሠራ ነበር። ጠረጴዛ የሚመስለው ትልቁማ ለጋራዥ ነው፤ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በረንዳህን ሙሉውን ይወስደዋል።

የገዛ ሰው ካለ ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ማንኛውም ሃይድሮሊክ በዘይት ላይ ብቻ ቆሞ አይሠራበትም። የመቆለፊያ ብረቱ በየደረጃው ይገባል። ማኅተሙ (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ) ሊያረጅ ይችላል፤ ሲያረጅም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ ቀነሰ ብሎ የፍሬን ዘይት የሚሞላ አለ። የፍሬን ዘይት ከሌላ ነገር የተሠራ ነው፤ የክሪኩን ጎማ ማኅተም ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ክሪኩ የሚጣል ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ። ሲነሳ እየተንቀጠቀጠ ወይም እየሰመጠ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ማውረጃውን ከፍቶ ስድስት ሰባት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ መዝጋት።

ሒርማታ_ማዶ፦
ጣሪያ ላይ በሰንሰለት ማንጠልጠልስ? ሰው ሲያደርገው ይታያል።

ውሃ_ልክ፦
በጭቃ ቤት ወራጅ ላይ በፍጹም። ወራጁ የተሠራው ቆርቆሮ ለመሸከም ነው። ያረጀ ባህር ዛፍ ውስጡን ምስጥ በልቶት ከውጭ ደህና ይመስላል። ሞተሩ መሀል ላይ ሲንጠለጠል ወራጁ ቢታጠፍ ቆርቆሮውም ይከተላል።

ካቴና_428፦
ማንሻው ምንም ይሁን፣ የሥራው ቅደም ተከተል ነው ሰው የሚያድነው። የፐርኖውን ዳዶ ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ እያለ ነው የምታላላው። ከፍ ብሎ ቆሞ ረጅም ቁልፍ ይዘህ ስትጎትት የሚወድቀው ያኔ ነው። ሲገጠምም እንዲሁ፦ ላይ ሆኖ በእጅ ይያዛል፤ የመጨረሻው ማጥበቂያ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ።

የኋላ ጎማ ሲወጣ የፊት ፍሬን በካላማዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር ተጎትቶ ይታሠር። የፊት ጎማ ሲወጣ ደግሞ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ የኋላ ጎማውን በፊትም በኋላም በጣውላ ቁራጭ ያዙት። በመሀል ስታንድ የቆመ ሞተር ወደ ፊት ከተገፋ ስታንዱ ይታጠፋል። ስለዚህ ከስታንዱ እስከ ሻንሲው የፊት ቱቦ ገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ መታጠፍ አይችልም። ይህች ገመድ ምንም አታስወጣም፤ የሚያስራት ሰው ግን ትንሽ ነው።

ካቴና ስታጸዱ ኢንጂን አስነስታችሁ ማርሽ አስገብታችሁ በጨርቅ አትያዙ። ጨርቁ ካቴናው ጥርሱ ላይ በሚገባበት ቦታ ተይዞ ጣትን ይዞ ይገባል። ጎማውን በእጅ፣ ወደ ኋላ እያዞራችሁ።

ሰቃ_መንገድ፦
የካቴናውን ልክ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሚንጠለጠለው ጎማ ልክ አይናገርም። ከሆድ ሥር በሣጥን ስታነሱ የኋላ ክንዱ እስከ ታች ይወርዳል፤ የካቴናው ልልነት መሬት ላይ ካለው የተለየ ይሆናል። በኋላ ማንሻ ላይ ግን ክንዱ ክብደቱን እንደተሸከመ ነው፤ ወደ መሬቱ ይቀርባል። የሞተሩ መጽሐፍ በየትኛው አቋም እንደሚለካ ይናገራል፤ በዚያ አቋም ለኩ። እንደ ቦክሰር ያሉት ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ይሄዳሉ፤ እንደ ዲቲ ያሉ ሾካቸው ረጅም የሆነ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ዲቲን በቦክሰር ልክ ያወጠረ ሰው ጉድጓድ ሲመታ ካቴናው ክር ይሆንና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎትተዋል። ለካችሁ ስትጨርሱ ጎማውን አዙራችሁ ሌላ ሦስት ቦታ ላይ ደግማችሁ ለኩ፤ ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አያረጅም።

ብየዳ_አጂፕ፦
ለመሪ ኩሽኔታ የኋላ ማንሻ አይጠቅምም። የፊት ጎማ መነሳት አለበት። ሾኩን ከሥሩ የሚይዝ የፊት ማንሻ አለ፤ ጎማ ለማውጣት ጥሩ ነው፤ ሾኩን ራሱን ለማውረድ ግን አይሆንም፤ ቆመህበት ያለውን ቅርንጫፍ እንደመቁረጥ ነው። ለኩሽኔታ ከሆዱ ይነሳ፤ መሪው ነጻ ይሁን። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት መሀል ላይ «ቁጭ» የሚል ነገር ካለ ኩሽኔታው ተቆርጧል። ሾኩን ከሥር ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲጎትቱት ከተንገጫገጨ ደግሞ ላልቷል።

የኋላ ክንዱን መገጣጠሚያ ለመፍታትም የኋላ ማንሻ አይሆንም። ክንዱ ላይ ነው የሚሸከመው፤ ክንዱን ከፈታችሁት ሞተሩ ይወድቃል።

የመንደራው፦
እሺ፣ ገባኝ። ለቦክሰሩ መሀል ስታንድና ትንሽ መቀስ ክሪክ ከነጣውላው። ለኤክስቲዜዱ የኋላ ማንሻ በ2 ሚሊ ቱቦላሬ፣ መቀበያው የሚንቀሳቀስ፤ ለፊቱና ለመሪ ኩሽኔታው የእንጨት ሣጥን። ለክቼ መጣሁ፦ የቦክሰሩ ሆድ 17 ሴ.ሜ፤ ኤክስቲዜዱ ቆሞ 26፣ ኋላውን ሲሳብ 6 ተነሳ፤ ስለዚህ ሣጥኑ 35። የኋላ ክንዱ ሥሩ ከመሬት 28። በረንዳው በሜትር 2 ሴ.ሜ ወደ ግቢው ያዘነብላል። ማንሻው ቋሚው ስንት ይሁን?

ብየዳ_አጂፕ፦
28 ላይ 3 ወይም 4 ጨምር፤ እጀታው መሬት ላይ ሆኖ ከመቀበያው ጎማ ላይ ተለክቶ 31 ወይም 32። ይህ የቱቦላሬው ርዝመት አይደለም፤ ተሽከርካሪውንና መቀበያውን ቀንሰህ ቁረጥ። በያጁ ሁሉን ባንዴ እንዳይጨርሰው፤ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ፤ ሞተሩን ወስደህ ሞክርበት፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ውሃ_ልክ፦
በረንዳው በሜትር 2 ከሆነ፣ በዝቅተኛው በኩል የሚገባው ጣውላ ውፍረቱ በማንሻው ስፋት ይሰላል፦ 40 ሴ.ሜ ላይ 8 ሚሊ። ኮምፔልሳቶ ባለ 8 ሚሊ አለ። ግን ማንሻው የሚሽከረከር ስለሆነ ቁራጩ አጭር ከሆነ ተሽከርካሪው ይወርድበታል፤ 60 ሴ.ሜ ርዝመት ይኑረው፤ ሁለቱን ጫፍ በሲሚንቶ ምስማር ምታው።

ሰቃ_መንገድ፦
ሣጥኑ 35 ከሆነ ሞተሩን ብቻህን እላዩ አታወጣውም። ወይ ሁለት ሰው ይሁን፣ ወይ ሣጥኑን 26 አድርገህ ከላዩ ሁለት የ4.5 ሴ.ሜ ጣውላ አዘጋጅ። ሞተሩን ወደ አንዱ ጎን አዘንብለህ ሣጥኑን አስገባ፤ ከዚያ ኋላውን ስታነሳ አንድ ሰው ጣውላውን ይጨምር። ጣውላዎቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው በሁለት ጎን ቀጭን እንጨት ምታባቸው፤ ሣጥኑን አቅፎ የሚይዝ።